ስልሳ አራቶች

ሶፍትዌሩ ቀይ ጽሑፍ ባወጣ ቁጥር ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ለምጃለሁ። ወይ አንድ ነጥብ ረስቻለሁ፣ ወይ ቁጥር መሆን ያለበትን ዓምድ ጽሑፍ ብዬ መዝግቤዋለሁ። ስለዚህ ስሌቱን እንደገና አስኬድኩት። ያንኑ ደገመልኝ፦ የሚከተሉት ጥያቄዎች በመልሶቻቸው መካከል ምንም ልዩነት ስለሌለ ከስሌቱ ወጥተዋል። ከሥሩ ጥያቄዎቹን ዘርዝሯቸዋል፤ አንድም አልቀረውም።

ጓደኛዬ ያስገባውን ዳታ ከፈትኩት። ከላይ እስከ ታች አራት፣ ከግራ እስከ ቀኝ አራት። የኮምፒዩተር ክፍሉ መስኮት አይከፈትም፣ ግማሹ ኪቦርድ ፊደል ጎድሎታል፤ እኔ ግን ላብ ያጠመቀኝ በሙቀቱ አልነበረም።

ለመመረቂያ ጥናታችን እኔና ጓደኛዬ የሁለት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን እናወዳድር ነበር። ጥያቄያችን በሥራቸው ምን ያህል ይረካሉ የሚል ነው፤ መልሱ ከአንድ እስከ አምስት፣ አንድ ማለት በጭራሽ፣ አምስት ማለት እጅግ በጣም። እኔ ማተሚያ ቤቱን ያዝኩ፣ እሱ ልብስ ስፌት ፋብሪካውን። የኔዎቹ እንደ ሰው መለሱ። አንዱ አንድ አለ፣ ሌላው አምስት፣ አንዱ ደግሞ ጥያቄውን ዘሎ ዳር ላይ “ይህንን አለቃዬን ጠይቁት” ብሎ ጻፈ። የሱ ስልሳ ሴቶች ግን በአንድ አፍ አራት አሉ።

ክፍሉ በሙሉ ጓደኛዬን “ይደርሳል” ነው የሚለው። የቤት ሥራው የት ደረሰ ሲባል “ይደርሳል”፣ ፈተናው ነገ ነው ሲባል “ይደርሳል”። እንዲህ ያለ ሰው ስልሳ መጠይቅ በአንድ ቀን አስሞልቶ ሲያመጣ ያን ጊዜውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

ወረቀቶቹን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሁሉም በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ተሞልተዋል። የራይት ምልክቱም አንድ ዓይነት ነው፤ እግሩ አጭር፣ ክንዱ ረጅም፣ ወደ ግራ ያዘነበለ።

መምህራችን ሕጋቸውን የነገሩን ገና በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው። “ቁጭ ብሎ መልስ የፈጠረ ዓመቱን ይደግማል። ጓደኛው አውቆ ዝም ካለ አብሮ ይደግማል። ቀድሞ የነገረኝ ይተርፋል።” ለማስፈራራት ያህል የተናገሩት እንዳይመስላችሁ፤ ሴትዮዋ ስልክ ያነሳሉ። አምና የአንዱን ተማሪ መጠይቅ ይዘው መሥሪያ ቤቱ ደውለው “እነዚህ ሰዎች እናንተ ጋ አሉ ወይ?” ብለዋል። የሉም ነበር። ተማሪው ዘንድሮ ከኛ ጋር ነው፤ ከኋላ ይቀመጣል፣ ማንም አያናግረውም።

እኔ ዓመት የምደግምበት ጊዜ የለኝም። አንድ የጥናት ድርጅት ሊቀጥረኝ ተስማምቷል፣ ዘንድሮ ከተመረቅኩ። ካልተመረቅኩ ቦታዬን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ሞልቷል።

ይደርሳልን ደረጃው ላይ አገኘሁት።

“ስማ፣ ሴቶቹ መጠይቁን ሲሞሉ የት ነበርክ?”

“እዚያው።”

“እዚያው የት?”

“በሩ ላይ።” ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ። “ማለቴ ከበሩ ውጭ። ጥበቃው አላስገባም አለኝ። አክስቴ እዚያ አይደል የምትሠራው? እሷ ይዛ ገባች፣ አስሞልታ አመጣችልኝ።”

“ስልሳውንም?”

“ምን ታካብጃለሽ! ደስተኛ ሰዎች ናቸዋ።”

“ስልሳ ሰው እኩል ደስተኛ?”

“አንቺ መቼም ሰው ደስ ሲለው አይጥምሽም” ብሎ ሳቀ።

አክስት! ሦስት ዓመት አብረን ስንማር ስለ አክስት ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሰው ሲጨንቀው ዘመድ እንደሚፈጥር ደግሞ አውቃለሁ።

ታላቅ እህቴ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ሰበብ ስትሰማ ስለምትውል ውሸት ከሩቅ ይሸታታል። እራት ላይ ነገርኳት።

“ንገሪያቸዋ! ምን ትጠብቂያለሽ?”

“ባይሆንስ?”

“ስልሳ ሰው አንድ መልስ? እኛ ሦስት ሆነን የሳሎኑ መብራት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ መስማማት አቅቶናል።”

አባታችን ከሳህኑ ቀና ሳይል “የምታጠፊው አንቺ ነሽ” አላት።

ለመምህራችን ኢሜይል ጻፍኩ። መላክ ብቻ ነው የቀረው። ግን የመምህራችንን የመጀመሪያ ጥያቄ ከወዲሁ ሰማሁት፦ በምን አረጋገጥሽ? አክስት የለችም ለማለት አክስት አለመኖሯን ማየት ነበረብኝ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ፋብሪካው በር ላይ ቆምኩ።

ጥበቃውን ስለ አክስትየዋ ስጠይቀው “የማን አክስት?” አለኝ።

“የ... ረጅም ነው፣ ሲያወራ ጆሮውን የሚያሽ።”

“እሱማ! የመስመር አለቃዋ የእህት ልጅ። ቆይ ልጥራልሽ።”

አክስት አለች ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተናደድኩ።

የመጣችው ሰፋ ያለች ሴት ናት፤ አንገቷ ላይ ሜትር አጥልቃለች፣ መቀሷ በክር ከወገቧ ተንጠልጥሏል። ሌሎቹ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ይበላሉ፤ እኔን ሲያዩ ወሬያቸውን አቆሙ።

“ማን ላከሽ?” አለችኝ።

“ማንም። ተማሪ ነኝ።”

“ባለፈው ዓመት የመጣውም ተማሪ ነኝ ብሎ ነበር። በሳምንቱ ሁለት ሰው ተቀነሰብን።”

መታወቂያዬን ሰጠኋት። ፊቱን አየችው፣ ጀርባውን አየችው፣ ከዚያ እኔን። ከእህቷ ልጅ ጋር የምሠራው እኔ እንደሆንኩ ስነግራት ዓይኗ ጠበበ።

“ወረቀቱ ላይ ዕድሜና የሥራ ዘመን የጠየቅሽው አንቺ ነሽ?”

“አዎ።”

“ለምን?”

“ለማነጻጸር ነው። ስም እኮ አይጻፍ ብለናል።”

“ብላችኋል፣ ጎበዝ። እዚህ ቤት ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናት አንዲት ሴት ናት። ሁለት ወር የሠራችም አንዲት ናት። ወረቀት ደግሞ ከዚህ ግቢ ሲወጣ በሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ነው የሚያልፈው። ታዲያ ስም ምን ያደርግለታል?”

እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች የጨመርኳቸው ሰንጠረዡ እንዲያምርልኝ ነበር።

“ወረቀቶቹን የሞሉት ታዲያ እነማን ናቸው?”

“እኔ ነኛ! በሥራ ሰዓት የስፌት መኪና አይቆምም፣ እጃቸው ጨርቅ ላይ ነው። በመስመሩ መሃል እየሄድኩ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ምን ልበል ስላቸው አራት በይ አሉኝ። ለሁሉም አራት አልኩ።”

“ለምን አራት?”

“አምስት ካልን ይስቁብናል። ሦስት ካልን ይጠይቁናል።”

ከግድግዳው ሥር አንዷ “አራት ደህና ቁጥር ነው፣ አይናገርም” ስትል ሌሎቹ ሳቁ። አክስትየዋ አልሳቀችም።

“እውነቱስ ስንት ነው?” አልኳት።

“አንቺስ ለማን ነው የምትነግሪው?”

ደወል ተደወለ፣ ሴቶቹ ተነሱ። እሷ መቀሷን ሰብስባ ዞር ካለች በኋላ ተመለሰች። “የእህቴ ልጅ የሚያውቀው ነገር የለም። ሲሰጡት ይቀበላል እንጂ መች ይጠይቃል!”

ኢሜይሉን አጠፋሁት። ከዚያ ይደርሳልን ይዤ መምህራችን ቢሮ ገባሁ። ሰውየው ለምን እንደምንሄድ እንኳ አልጠየቀኝም።

መምህራችን የሶፍትዌሩን ውጤት አዩት፣ ወረቀቶቹን አገላበጡ። እጃቸው ስልኩ ላይ ለማረፍ ጊዜ አልፈጀበትም።

“እባክዎ አይደውሉ” አልኩ።

“እንዴት?”

“የሚያነሳው ሥራ አስኪያጁ ነው። ሴቶቹ መክረው አንድ መልስ መስጠታቸውን ከሰማ እነሱ ላይ ይደርሳል።” ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የኔን ሁለት ጥያቄዎችም። ይደርሳልም ነገሩን እንደሳቸው ገና መስማቱ ነበር፣ አፉን ከፍቶ።

“አክስቴ እኮ ምንም አላለችኝም” አለ።

“ማስረጃሽ?” አሉኝ መምህራችን።

“የለኝም። ሄጄ ሰማሁ።”

“የስልሳ ሰው መጠይቅ ትቼ አንድ ሰው የነገረሽን ልመን?”

“አዎ።”

ይደርሳልን እኔ ሳየው እንደሰነበትኩት አድርገው አዩኝ። ደስ የሚል ነገር አይደለም።

“ካልደወልኩ የሚቀረኝ ያንቺ ቃል ነው። ውሸት ከሆነ ሁለታችሁም ትደግማላችሁ። እሱን ብትከሺው ግን አንቺ ትተርፊ ነበር።”

“የምከሰው ነገር የለኝም። መልስ አልፈጠረም።”

ስልኩን ለቀቁት። “ያለ ዕድሜ፣ ያለ ሥራ ዘመን። ከግቢው ውጭ፣ እያንዳንዷ በራሷ እጅ። አንድ ሳምንት። የእጅ ጽሑፉን አንድ በአንድ እኔ ራሴ አያለሁ። ይበቃችኋል?”

ወደ ይደርሳል ዞርኩ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ “ይደርሳል” አላለም።

ሴቶቹ አውቶቡስ የሚጠብቁበት ቦታ ላይ ክዳኑን የቀደድነው የጫማ ካርቶን ይዘን ቆምን። ብዙዎቹ እምቢ አሉን፤ አንዷ ካርቶኑን ገልብጣ ሥሩን አየች። የሞሉት ወረቀቱን አጥፈው ከተቱ። ይደርሳል በቆመበት ሁሉ እኔም ቆምኩ፤ ለመርዳት ነው አልኩት። ሠላሳ ምናምን ወረቀት አገኘን። ዳታውን አስገብቼ ሳስኬደው ቀይ ጽሑፍ አልወጣም። አንድ አለ፣ ሁለት አለ፣ አምስት ያለችም አለች። አማካዩ ሦስት እንኳ አልሞላም።

መምህራችን ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ አንዱን ነጥለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከላይ እስከ ታች አራት ነው። የራይት ምልክቱ እግሩ አጭር፣ ክንዱ ረጅም፣ ወደ ግራ ያዘነበለ።

“ይቺስ የማን ናት?”

“ስም አይጻፍ ብለናል” አልኩ።

መምህራችን ወረቀቱን ወደ ክምሩ መልሰው የጥናቱ ሽፋን ላይ ፈረሙ።

ኮሪደሩ ላይ ይደርሳል ጆሮውን እያሸ “አሁንስ አመንሽኝ?” አለኝ።

“አንተን አዎ። አክስትህ ግን እኔን አላመነችኝም።”

“ይደርሳል” አለ።