መነጽር ያደረገው ሟች

እሁድ ከምሳ በኋላ በሕንድ አገር ሞራዳባድ ውስጥ ሥራ የሚሠራ ሰው ካለ፣ ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል ወይ ቴሌቪዥን የለውም። ሳምንቱን ሙሉ ነሐስ ሲቀጠቅጡ የሚውሉት መዶሻዎች እንኳ በዚያ ሰዓት ዝም ይላሉ። የኡርሚላ ቤት ያን እሁድ በሴቶች ተሞልቶ ነበር። ልጇ ጉንጃን ልትዳር አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷታል። ጎረቤቶች "እናግዝሽ" ብለው መጥተው፣ ሩዝ የሞላ ሰፌድ መሐላቸው አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ፊልሙ ላይ ተክለዋል። ያን ቀን ከሩዙ የተለቀመው ጠጠር ለአንድ ወፍ ቁርስ አይበቃም።

ፊልሙ የቤተሰብ ፊልም ነው። ሁለት ወንድማማቾች ይጣሉና ግቢው መሐል ግንብ ያቆማሉ። እናትየዋ ነጭ ለብሳ፣ የሟች ባሏ ፎቶ ፊት ቆማ ታለቅሳለች። ፎቶው ላይ ብርቱካንማ የአበባ ጉንጉን ተንጠልጥሏል። የሰፈሩ አንጋፋ እማማ ካምላ እናትየዋ አፏን ሳትከፍት ገና መሐረባቸውን አውጥተዋል።

ካሜራው ወደ ፎቶው ተጠጋ።

"ጋሼ!" ብላ ጮኸች ሳርላ።

ሳርላ የኡርሚላ ባል ታናሽ እህት ናት። ለሰርጉ ከነሻንጣዋ፣ ከነመድኃኒቷ፣ ከነትእዛዟ መጥታ ከሰነበተች ሳምንቷ ነው።

"የምን ጋሼ?" አሉ እማማ ካምላ መሐረባቸውን ከዓይናቸው አንስተው።

"ወንድሜ ነዋ! ኪሾሪላል! እዩት እንጂ፣ ግድግዳው ላይ ያለው!"

ኪሾሪላል የኡርሚላ ባል ነው። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት የነሐስ ዕቃ ናሙና በሻንጣ ይዞ የቦምቤይ ባቡር ተሳፈረ፤ ሳይመለስ ቀረ። ጉንጃን ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ፖሊስም "ምናልባት ከባቡር ወድቆ ይሆናል" ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ኡርሚላ ግን "ይመጣል" አለች። እነሆ አሥራ ሰባት ዓመት፣ ባሏ በሕይወት እንዳለ ሴት፣ በየማለዳው ፀጉሯን ለሁለት ከፍላ መሐሉን በቀይ ዱቄት ታቀላለች። የብርጭቆ አምባሯንም ከእጇ አላወለቀችም።

አሁን ፎቶውን ስታይ መጀመሪያ ያሰበችው "ይህ ሽማግሌ ማነው?" ብላ ነው። ፀጉሩ ነጭ፣ ጉንጩ የሟሸሸ፣ ወፍራም ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው። ፎቶው ለሁለተኛ ጊዜ መጣ፤ አላወቀችውም። በሦስተኛው የግራ ጆሮውን አየች። ጫፉ እንደ ሳምቡሳ ጠርዝ ታጥፏል። ያን ጆሮ ሙሽራ ሳለች ስንት ጊዜ በጣቷ ልትዘረጋው ሞክራለች!

ሰፌዱን ከጭኗ ላይ ቀስ ብላ አወረደች።

"ጉንጉን ተደርጎበት የለ እንዴ፣ ሞቷል ማለት ነው" አሉ እማማ ካምላ። "በቁሙ ላለ ሰው ማን ጉንጉን ያንጠለጥላል? ጠላት ካልሆነ!"

"ፊልም ነው እኮ እማማ" አለች ጉንጃን።

"ሰውየው ፊልም ነው? ሰውየው አባትሽ ነው!"

ከመምሸቱ በፊት መንደሩ ፈርዶ ጨረሰ። ሻይ ሻጩ ብቻ "ፊልም ላይ የሞተ ሁሉ ቢቀበር ኖሮ የቦምቤይ ተዋናይ ባለቀ ነበር" ብሎ ሊከራከር ሞከረ፤ የሰማው የለም። ፎቶ ላይ ጉንጉን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

ኡርሚላ ግን ሌሎቹ ያላዩትን አይታለች። ባሏ ከቤት ሲወጣ ፀጉሩ እንደ ከሰል የጠቆረ ነበር። ዓይኑም በአሥር እርምጃ ርቀት ነሐስ ላይ ያለች ጭረት የሚለይ ዓይን እንጂ መነጽር የሚያውቅ ዓይን አልነበረም። እንግዲህ ፎቶውን የተነሳው ከሄደ በኋላ ነው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ። ከባቡር አልወደቀም። የሆነ ቦታ በላ፣ ጠጣ፣ አረጀ፣ መነጽር ገዛ። ቤቱ የት እንዳለ እያወቀ አልመጣም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መጣ።

ጠዋት መስተዋት ፊት ፀጉሯን ስትከፍል ከኋላዋ ይቆማል። ትዞራለች፤ የለም። ወጥ ቤት ምስር ስታማስል በሩ ላይ የመነጽር ብልጭታ ታያለች። ሙታን ሲመጡ ይበርዳል ይባላል፤ እሱ ሲመጣ ግን የሚሰማት ቅዝቃዜ ሳይሆን እፍረት ነው፤ ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ "ተቀመጥ" እስኪባል የሚጠብቅ እንግዳ ፊት እንዳለች። ቴሌቪዥኑ ደግሞ አላሳርፍ አላት፤ ያን ፊልም ማክሰኞ ደገሙት፣ ሐሙስ ደገሙት። ድምፁ በየመስኮቱ ይወጣና፣ የባለነጯ እናት ለቅሶ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተቀባበለ መንገዱን ሁሉ ይሸፍነዋል። "ለማን ትተኸኝ ሄድክ?" ትላለች በዚያኛው ቤት። "ለማን ትተኸኝ ሄድክ?" ትላለች በዚህኛው።

ጉንጃን አንድ ጊዜ ፎቶው ሲመጣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አየችው። "ፊቱ ደግ ይመስላል፣ አይደል እማ?" አለች።

ኡርሚላ ተነስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ረፋድ ላይ የሰርጉን ጥሪ ካርድ የሚያትመው ሰውዬ ደወለ። "ሁሉም አልቋል፤ የሙሽሪት አባት ስም ፊት 'አቶ' ልበል 'ነፍስ ኄር' ልበል? ቀድሞ 'አቶ' ነበር ያላችሁኝ፤ እሁድ ግን እኔም ፊልሙን አየሁት።"

"ቆይ ልደውልልህ" አለችው።

ሳርላ ከአልጋው ጫፍ ላይ ሆና ሰምታለች። "ምን ይቆያል እትዬ? 'ነፍስ ኄር' በይው። ይለይለት። የማኅፀን እህቱ ነኝ፤ ይቅለለኝ ብዬ የምናገር ይመስልሻል?"

"'ነፍስ ኄር' ካልኩት እኮ ጉንጃንን የሰርጓን እርድ እኔ አልቀባትም።"

"እኔ እቀባታለሁ። ባሌ በሕይወት አለ፤ ምን ይጎድላታል?"

ነገሩ ይኸው ነበር። በሞራዳባድ ሙሽራ ከጋብቻው ሥርዓት በፊት በዘይት የተለወሰ ቢጫ እርድ ትቀባለች፤ የሚቀቧትም ባላቸው በሕይወት ያለ ሴቶች ናቸው። ባል የሞተባት ሴት ነጭ ለብሳ ከበር ኋላ ትቀመጣለች፤ ጥላዋ እንኳ እርዱ ላይ እንዲያርፍ አይፈቀድም። ኡርሚላ ያቺን ልጅ ብቻዋን ጡት አስጥላ፣ ብቻዋን ኩፍኝ አሳልፋ፣ ብቻዋን አስተምራ ለዚህ አድርሳታለች። ያቺን አንዲት እፍኝ እርድ በልጇ ጉንጭ ላይ ማድረግ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ነገር ነው። ባሏን ከጠበቀችው በላይ ሳትጠብቀው አትቀርም።

አፏን ከፍታ "መነጽሩን እዩት፣ ፎቶውን የተነሳው ከሄደ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አልሞተም" ብትል እርድ የሚቀባ እጇ ይተርፍላታል። ግን የሙሽራው ቤተሰብ ይሰማል። የጠፋ ሰው ልጅ ታሳዝናለች፤ ጥሎ የሄደ ሰው ልጅ ግን ጥያቄ ይከተላታል፦ ለምን ሄደ? እናትየው ምን አደረገች? ሙሽራዋስ የማን ደም ናት?

ስልኩን አነሳች። "'ነፍስ ኄር' በለው" አለች።

በሰርጉ ዕለት ዐርብ ማለዳ፣ እርዱ በሚቀባበት ቀን፣ ቀዩን ዱቄት በእርጥብ ጨርቅ ራሷ ጠረገችው። አምባሮቿን ራሷ አወለቀች። ነጩን ሳሪ ሰውነቷ ላይ ስትጠመጥም ሰውየው ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ የመነጽሩን መስታወት በሸሚዙ ጫፍ የሚያጸዳ መሰላት። "ደስ አለህ?" አለችው ሳትዞር።

ግቢው በሴቶች ዘፈን ተሞላ። ጉንጃን ቢጫ ለብሳ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። "እማ ካልቀባችኝ ማንም አይነካኝም" ብላ ነበር፤ አሥር አፍ ተባብሮ ዝም አሰኛት። ኡርሚላ የእህል ጓዳ ውስጥ ገብታ በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀመጠች። በስንጥቁ የልጇ ጀርባ ብቻ ይታያታል።

ሳርላ የሰናፍጭ ዘይት ልትወስድ ገባች። ነጩን ሳሪ ስታይ ቆም አለች፤ ከዚያ ዓይኗን ሰብራ ወደ መደርደሪያው እጇን ዘረጋች።

"ሳርላ።"

"እህ?"

"እኔ ሚስቱ ነኝ፤ ያን ፎቶ ሦስት ጊዜ አይቼ ነው ያወቅሁት። አንቺ እንዴት ገና ብቅ ሲል ለየሽው?"

የዘይቱ ጠርሙስ በሳርላ እጅ ውስጥ ቀረ። ግቢው ውስጥ ሴቶቹ የሙሽራውን እናት አፍንጫ በዘፈን እየሰደቡ ይስቃሉ።

"በነጭ ፀጉር ታውቂዋለሽ" አለች ኡርሚላ። "በመነጽር ታውቂዋለሽ።"

ሳርላ የምስር ጆንያ ላይ ዘጭ አለች። "በልጄ ራስ አስምሎኝ ነው እትዬ" አለች። "በሄደ በስድስተኛው ዓመት ቤቴ መጣ። ቦምቤይ ሌላ ቤት ሠርቷል፣ ሴት አለችው። 'ለኡርሚላ እንዳትነግሪ' አለኝ። ከዚያ አልፎ አልፎ ይደውል ነበር። አንድ ቀን እየሳቀ 'እህቴ፣ ለፊልም ፎቶ ተነሳሁ፤ የሞተ አባት ሆኛለሁ' አለኝ። እኔም ሳቅሁ። እግዜር ይይልኝ፣ ሳቅሁ።"

"አሁንስ የት ነው?"

"የለም። ካቻምና በብርዱ ወራት ሞተ። ሴትዮዋ ደወለችልኝ።" ሳርላ አፍንጫዋን በሳሪዋ ጫፍ ጠረገች። "ልነግርሽ መጣሁ እኮ። የሚስቶች ጾም ቀን ነበር። ለሱ ዕድሜ ብለሽ ከንጋት ጀምሮ ውሃ ሳትቀምሺ፣ ከንፈርሽ ደርቆ፣ ለኔ ሻይ ታፈዪልኛለሽ። ምን ብዬ ልንገርሽ? ሻዩን ጠጥቼ ሄድኩ። እሁድ ፎቶውን ሳየው ... በቃ፣ አፌን ቀደመኝ።"

ከኡርሚላ አፍ የወጣው ድምፅ ለቅሶ መስሎ ሳርላን አስደነገጣት፤ ሳቅ ነበር። የሚያስፈራ ዓይነት ሳቅ።

"ካቻምና በብርዱ?" አለች። "እስቲ ቁጠሪልኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሙሽራ ቀባሁ? 'የኡርሚላ እጅ የታገሠ እጅ ነው' እያሉ ሰፈሩ ሁሉ ሲጠራኝ! የልብስ ሰፊው ሁለቱ ሴት ልጆች። የሻይ ሻጩ እህት። የእማማ ካምላ የልጅ ልጅ ሬካ። ከጣቢያው ማዶ ደግሞ ሦስት። ሰባት ናቸው ሳርላ። ሰባቱንም ባል የሞተባት ሴት ቀባቻቸው።"

"እትዬ፣ ቀስ ..."

"የማንኛዋ ቤት ፈረሰ? ንገሪኝ። ሂጂና ከሰባቱ የአንዷን እርድ እጠቢልኝ፤ ያኔ እኔ እዚሁ እቀመጣለሁ።"

ሳርላ ከጆንያው ተነስታ የጓዳውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ኡርሚላ በነጭ ሳሪዋ፣ ባዶ እጇን ይዛ ወደ ፀሐዩ ወጣች። መነጽር ያደረገው ሰውዬ ኮቴ ከኋላዋ ይሰማት ነበር፤ ይከተላት፣ አልዞረችም። ዘፈኑ ከአንዷ አፍ ወደ አንዷ እየሞተ ሄዶ ቆመ። ከእርዱ ሳህን አጠገብ ስትንበረከክ እማማ ካምላ ደረታቸውን ያዙ።

"ኧረ ልጄ! ኡርሚላ! ምን እያደረግሽ ነው? ነጭ ለብሰሽ?"

ኡርሚላ ጣቶቿን እስከ አንጓቸው ቢጫው እርድ ውስጥ ነከረች።

"እማማ ካምላ" አለች፣ "የሬካ መንቶች እንዴት ናቸው?"

"መንቶቹ? ምን ሆነው ... ደህና ናቸው። እንደ ጥጃ ወፍረዋል። ይህን ምን አመጣው አሁን?"

"እንኳን ደህና ሆኑ" አለች ኡርሚላ፤ ሁለት እጇንም በልጇ ጉንጭ ላይ አደረገች።