ውሃቸውን መቀየር ነው

እትዬ መርፌን ለማሳቅ ሰባት ወር ለፋሁ፤ ጥርሷን አላየሁም። ስሟ ሌላ ነው፣ ግን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ቀኑን ሙሉ መርፌ በከንፈሯ ነክሳ ስለምትውል እትዬ መርፌ ሆና ቀረች። ጥረዛ ክፍል ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እሷ ትሰፋለች፣ እኔ እለቅማለሁ። መልቀም ማለት እንዲህ ነው፤ ትልቁ ወረቀት ታትሞ ይመጣል፣ ሦስቴ ሲታጠፍ አስራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል፣ እሱን እጥፍ እንለዋለን። እጥፎቹን በተራ ጠረጴዛ ላይ እደረድርና ዙሪያውን እየተሽከረከርኩ ከያንዳንዱ አንድ አንድ አነሳለሁ። ዞሬ ስጨርስ መጽሐፍ ሆኗል። ብዙ ትምህርት አይፈልግም። እኔና ትምህርትም ስድስተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል።

ከሁለት ወር በፊት ሁለት መጽሐፍ አንድ ላይ ገባብን። አንዱ ስለ ዶሮ እርባታ ነው። ሌላውን የጻፈችው ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሚስት ለሞተችባቸው ወንዶች የሚሆን። ለአለቃችን ስትነግረው ሰምቻለሁ፤ ሴቶቹ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፣ ወንዶቹ ግን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመው ግድግዳ ያያሉ፣ ለነሱ ብዬ ነው አለችው። የሁለቱም መጠን አንድ፣ ፊደላቸው አንድ፣ ወረቀታቸው አንድ። ሰይጣን ደግሞ ጆሮዬ ስር ነው ቢሮ የከፈተው።

ከነርሷ መጽሐፍ አንዷን ኮፒ አነሳሁ። አምስተኛውን እጥፍ አወጣሁና የዶሮውን አምስተኛ እጥፍ ከተትኩበት። የገጽ ቁጥሩ እንኳ አልተዛነፈም። ስልሳ አራት መጨረሻ ላይ «ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ማድረግ ያለብህ ነገር» ይልና ስልሳ አምስት ላይ «ውሃቸውን መቀየር ነው፤ ያደረ ውሃ አታጠጣቸው» ብሎ ይቀጥላል። ብቻዬን ሆዴን ይዤ ተንፈራፈርኩ። እትዬ መርፌ ስትሰፋው ታየዋለች፣ ያን ጊዜ መርፌዋ ከአፏ ይወድቃል ብዬ ነበር። ያወጣሁትን እጥፍ የሚወዛወዘው ጠረጴዛችን እግር ስር ወሸቅኩት፣ ጠረጴዛውም ቀጥ አለ። ምሳ በልቼ ስመለስ ክምሩን በሙሉ ሰፍታ ጨርሳለች። አላየችውም። ሙጫ ተቀባ፣ ሽፋን ለበሰ፣ ተቆረጠ፣ ተጭኖ ሄደ። ከአምስት መቶ ኮፒ ውስጥ የትኛዋ እንደሆነች እኔም አላውቅም። ረሳሁት።

ትናንት ረፋዱ ላይ አንድ ረዥም ሰውዬ ገባ። ውጪ ፀሐዩ ይጠብሳል፣ እሱ እስከ ጉልበቱ የሚወርድ ካፖርት ለብሷል፤ አንድ እጁን ደረቱ ውስጥ ከቶታል። እኔ ፎቶ ሊነሳ የቆመ ጄኔራል መስሎኝ አንድ ነገር ልል አፌን ስከፍት መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የነርሷ መጽሐፍ ነው። ከጎኑ ሲታይ ሁሉም ቦታ ነጭ ነው፣ መሀሉ ላይ ብቻ አንድ ጣት የማይሞላ ቦታ በመገለጥ ብዛት ጠቁሯል። የት ጋ እንደሆነ ለማወቅ መክፈት አላስፈለገኝም። 

ሰውዬው ተረጋግቶ ነው ያወራው። አውቶቡስ ሾፌር ነበር፣ ጡረታ ወጥቷል። አድራሻችንን ከመጽሐፉ ጀርባ አግኝቶ ሦስት አውቶቡስ ቀያይሮ ነው የመጣው፤ ወንበር እያለ ቆሞ፣ እንዳትጨፈለቅ ብሎ። ማን እንዳትጨፈለቅ ብዬ ሳልጨርስ እጁን ከደረቱ አወጣ። መዳፉ ላይ ጫጩት አለች። ክንፏ ወርዷል፣ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ ጭንቅላቷ እንደ እንቅልፋም ተሳፋሪ ዝቅ ከፍ ይላል።

«ገጽ ሰማንያ ላይ ምን ይላል መሰለህ» አለኝ፣ መጽሐፉን ሳይከፍት። «ጫጩት ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ለብቻዋ ከቆመች ጊዜ አትስጥ፤ ወዲያውኑ። ሰማንያ አንድ ላይ ይቀጥልና፤ ስሟን ጮክ ብለህ ጥራ። ከነጋ ጀምሮ ስጠራ ነው። አልተነሳችም። በመሀል የጎደለ ነገር ሳይኖር አይቀርም።»

እትዬ መርፌ መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች። እኔ ሰባት ወር ሙሉ ያላስወጣሁትን እሱ በአንድ ደቂቃ አስወጣው።

«የማንን ስም ነው የጠሩት?» አለችው።

«የባለቤቴን።»

ጠረጴዛውን ያዝኩት። 

ሁሉንም በዝርዝር ነገረን። ባለቤቱ ከሞተች በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። መጽሐፉን አማቹ ናት ያመጣችለት፣ የባለቤቱ እህት። እስከ ስልሳ አራት ድረስ እንደ ደህና ሰው አነበበ። ስልሳ አምስት ላይ ሲደርስ የማንን ውሃ ነው የምቀይረው ብሎ ዘጋው። በማግስቱ ደግሞ ከፈተው። ሞኝ አይደለም፣ ስለ ጫጩት እንደሚያወራ ገብቶታል፤ ግን ነርሷ ገጽ አርባ ላይ አንድ ስኒ ብቻ አውጥተህ እጠብ ብላው ነበር፣ ያም መጀመሪያ ላይ የእብድ ነገር መስሎት ነበር፣ ሲያደርገው ግን ረዳው። ይሄም እንደዛ ይሆናል አለ። በሦስተኛው ቀን ሄዶ አስራ ሁለት ጫጩት ገዛ። መኝታ ቤቱን ለቀቀላቸው። በየጠዋቱ ውሃ፣ ከሰዓት ጥሬ፣ ሲመሽ ካርቶኑ ላይ መብራት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ገጽ በገጽ፣ ቃል በቃል።

«ይቺ ሴትዮ እኔን ታውቀኛለች» አለ። «የት ነው የምትኖረው? ካልሆነም የጎደለውን እናንተ ስጡኝ። እጄ ላይ እየሄደችብኝ ነው።»

እትዬ መርፌ መጽሐፉን ገለጠችው። አንድ ጊዜ ብቻ ገለጠችና ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ትሰፋለች አልኳችሁ እንጂ በዓይኗ ትቆርጣለችም።  በአገጯ ወደ ጓሮ ጠቆመችኝ።

የዶሮው መጽሐፍ ተረክበው ወስደውታል፣ አንድ ኮፒ የለንም። ጓሮ ግን የተበላሸ ወረቀት ክምር አለ፤ ቀለም የፈሰሰበት፣ የተሸበሸበ፣ ጠማማ የታተመ። መኪና መጥቶ እስኪወስደው እዛው ይከመራል። ገባሁበት። እጄ እስከ ብብቴ ጠቆረ። የቀን መቁጠሪያ ወጣ፣ የመድኃኒት ካርቶን ወጣ፣ የነርሷ ምዕራፍ አንድ ወጣ። በመጨረሻ አንድ የዶሮ ስዕል አየሁ፤ ስድስተኛው እጥፍ፣ ገና ያልታጠፈ፣ አንዱ ጥግ ቀለም የጠጣ። ሳይታጠፍ ለሚያየው ሰው ዝብርቅርቅ ነው፣ ግማሹ ገጽ ተዘቅዝቆ ነው የሚታተመው። እኔ ግን እዛው መሬት ላይ ተንበርክኬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አጠፍኩት። በሕይወቴ እንደዛ ቀጥ ያለ እጥፍ አጥፌ አላውቅም። ሰማንያ አንድ ከላይ ወጣ።

ማንበብ ላይ ዝግ ያልኩ ነኝ፣ ፊደል እየቆጠርኩ ነው የምሄደው። ያ መስመር ግን ሳልቆጥረው ገባ።

«ከሌሎቹ ለይተህ ግደላትና ቅበራት። ይህ በሽታ መዳኛ የለውም።»

 መሬት ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን እንደገና አየሁት፣ ሌላ ነገር ይል እንደሆነ ብዬ። አይልም። ገብቼ ልነግረው ነው? ካፖርት ውስጥ ይዟት፣ ሦስት አውቶቡስ ቆሞ ለመጣ ሰው?

ስገባ መነጽሩን ረስቶ እንደመጣ ነገረኝ፣ በችኮላ። አንብብልኝ አለ። ተገላገልኩ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ወዲያውኑ ሙቅ ቦታ አድርጋት» አልኩ፣ ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ። «ውሃ በስኳር በጥብጠህ በጠብታ ስጣት። ሁለት ቀን ካረፈች ትድናለች።»

ሰውዬው «ድገመው» አለኝ።

«ወዲያውኑ ሙቅ ቦታ አድርጋት። ውሃ በማር በጥብጠህ... ሦስት ቀን ካረፈች...»

ጉድ ፈላ። ስኳሩ ማር፣ ሁለቱ ሦስት ሆነ። እትዬ መርፌ ዓይኗን ጨፈነች። ሰውዬው እጁን ዘረጋ፣ ወረቀቱን ተቀበለኝና ክንዱ እስኪበቃው ድረስ አርቆ ያዘው። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አነበበ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሐኪሙም እንዳንተ ነው ያለኝ» አለ። «ባለቤትህ ደህና ናት፣ ትድናለች፣ ሾርባ ሰርተህ አምጣላት አለኝ። ልሰራ ቤት ሄድኩ። ይዤ ስመለስ አልጋው ተነጥፏል። እሱ እንደማትድን ያውቅ ነበር። ያዘነልኝ መስሎት ነው።»

 እኔ ሰው ሲሰድበኝ መልስ አላጣም፣ ሲመታኝም እየሮጥኩ እመልሳለሁ። ለዚህ ግን ከየት አባቴ ላምጣ? ሳላስበው አፌ ተከፈተና ያልተጠየቅኩትን ዘረገፍኩ።

«ጋሼ፣ የጫጩቶቹንም ገጽ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ አልጻፈችውም። ከሌላ መጽሐፍ ነው።»

አየኝ። ጫጩቷን አየ። መጽሐፉን አየ። ደግሞ እኔን አየ። ሰው ፊቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ባንዴ ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጋረጃ እንደተበጠሰበት መስኮት። ወንበር ስቤ ከስሩ ባላስገባ ኖሮ መሬት ላይ ነበር የሚቀመጠው።

«ለምን?» አለ።

«እሷን ለማሳቅ።» በጣቴ እትዬ መርፌን አሳየሁት።

«ሳቀች?»

«አላየችውም።»

ራሱን ነቀነቀ፣ የመንገድ አቅጣጫ እንደነገሩት ሰው።   እኔ የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ አሁን ተነስቶ ይሄድና እቤት ያሉትን አስራ አንዱን በር ከፍቶ ያባርራቸዋል፣ ከዛ ቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አይኖርም። ይሄ ብቻ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው። አለቃ ያባርረኛል የሚለው እንኳ ትዝ አላለኝም።

«የኔ የት አለ?» አለ በመጨረሻ። «ለኔ የተጻፈው።»

ጠረጴዛው ስር ገባሁ። እጥፉን ከእግሩ ስር ስመዘው ጠረጴዛው ዘመም አለ። መሀሉ ተጎድጉዶ የእግሩ ቅርጽ ታትሞበታል፣ ግን ይነበባል። መነጽር ስለሌለው የማነብለት እኔ ነኝ። አጠገቡ የሙጫ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና ከመጽሐፉ ስልሳ አራት መጨረሻ ተነስቼ ወደ እጥፉ ስልሳ አምስት ገባሁ፣ ፊደል በፊደል፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

«ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ማድረግ ያለብህ ነገር... በእጅህ የተኛችበትን ጎን መንካት ነው። ባዶ መሆኑን እጅህ ይወቀው።»

«ቆይ» አለኝ። ቆየሁ። «ይሄን ያኔ ባነበው መጽሐፉን በመስኮት ነበር የምወረውረው። ራሴንም ሳልከተል አልቀርም። ቀጥል።»

 ቀጠልኩ። ስለ ልብሷ ይላል፣ ስለ ጫማዋ፣ እሷ ትከፍተው ስለነበረ በር። እያንዳንዱን ቃል ስጨርስ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ጫጩቷን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ከልሏታል። እትዬ መርፌ ስፌቷን ትታ ቆማለች። ሰባ ሁለት ገጽ አካባቢ ደርሼ አንድ ረዥም ቃል ላይ እየታገልኩ ሳለ «አሁን» አለ።

ቀና አልኩ። ጭንቅላቷ አውራ ጣቱ ላይ ተኝቷል።

«አሁን ነው» አለ። «እዚሁ ነበርኩ። አየሽ እትዬ? እዚሁ ነበርኩ።»

እትዬ መርፌ «አዎ፣ እዚሁ ነበሩ» አለችው።  አንዲት የጫጩት ሞት ነው፣ በቀን ስንት ዶሮ ይታረዳል፤ እንደዛ ብዬ ለራሴ ብነግረውም ማንበቡን ተውኩት።

ሰውዬው ጫጩቷን እኔ መዳፍ ላይ አስቀመጣት። ገና ትሞቃለች። ከዛ የቀረውን አንብብልኝ አለኝ፣ የነርሷን ሳይሆን የዶሮውን፣ ከሰማንያ አንድ ወደ ታች። እጅህን በሳሙና ታጠብ ይላል፣ የሌሎቹን ካርቶን ቀይር፣ የውሃ ዕቃቸውን በፈላ ውሃ እጠብ። ቧንቧችን ጋ ሄዶ እስከ ክርኑ ታጠበ። ስንት ሰዓት ነው አለ። ነገርነው። ውሃቸው ሞቆ ይሆናል ብሎ ካፖርቱን ቆለፈ።

በሩ ላይ ሲደርስ መለስ አለ። «መጽሐፉን ትቼላችኋለሁ። ሁለቱንም ስፉልኝ፣ የነርሷንም የጫጩቱንም፣ አሁን ከጓሮ የመጣችውንም ወረቀት ጨምራችሁ። የጫጩቱ ይቅደም። የሷን አሁን ነው የምችለው።» እኔን ደግሞ አየኝ። «ማር ያልከው አይረሳኝም፣ አንተ ውሸታም።»

ሄደ። ሳቀብኝ ይሁን ረገመኝ እስካሁን አልገባኝም።

ጓሮ ወጥቼ ከወረቀት ክምሩ ጀርባ በማጠፊያ አጥንቴ መሬቱን ቆፈርኩ፤ ወረቀት የማጥፍበት ነው፣ ሌላ መቆፈሪያ የለኝም። ቀበርኳትና ገባሁ። እትዬ መርፌ የመጽሐፉን ሽፋን ገንጥላ ስፌቱን እየፈታች ነው። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ሌላም ያስገባኸው አለ?» አለችኝ።

«የለም።» እውነት ነበር፤ ግን ፊቴን ስለማውቀው ብታምነኝ ይገርመኛል።

«ጥልቅ አድርገህ ቀበርካት?»

«እስከ ክርኔ።»

ጠረጴዛው ይወዛወዛል። አንድ ነገር ልወሽቅበት ዞር ዞር አልኩና ተውኩት፤ በእጄ ደግፌ ያዝኩላት። እሷም ሰፋች።