የቁስቋም ዕለት ጉርሻ

ሄርሜላ ጾሙ እንደሚፈታ ዘነጋች። ስህተቷ ይኸው ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋን ሰልዋን ይዛ ቁስቋም ሰፈር ወላጆቿ ቤት ስትገባ ጽጌ ጾም ነበር። ቤቱ ሽሮና ምስር ይበላል። ይህ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚበላው ነው። ነጠላ ለተከናነበች ልጅ ደግሞ ሃይማኖቷን የሚጠይቃት የለም። ስለዚህ ገና ታክሲ ውስጥ ሳሉ፣ "ለጥቂት ቀን ነው በቃ፣ ሰርካለም ነኝ በይ" አለቻት።

ሰልዋ አፍጥጣ አየቻት። "ስሜ ምን አደረገሽ? መድረክ ላይ ስትወጪ እንዲህ አልነበርሽም።"

እውነቷን ነው። ሄርሜላ የዓለም ዜጎች ክበብ መሪ ናት። ከብራዚልና ከኖርዌይ ተማሪዎች ጋር በኮምፒውተር እየተያየች ስለ ባህል ትወያያለች። "ለእኔ ሰው ሁሉ ጎረቤቴ ነው" ብላ አዳራሽ ሙሉ ሰው አስጨብጭባለች። ባለፈው ሳምንት ግን ግቢው ውስጥ ጠብ ተነሣ። በሁለት ልጆች ተጀምሮ የሃይማኖት ሆነ፤ ድንጋይና ዱላ ወጣ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ወደ ሰልዋ አገር የሚወስደውም መንገድ ተዘጋ። ሄርሜላ ጓደኛዋን ጥላ መምጣት አልሆነላትም። ይዛት መጣች፤ ግን ስሟን ቀይራ።

የፈራችው ግዛቸውን ነው። ግዛቸው ከአጥር ማዶ ያለ ጎረቤታቸው ነው። የእኅቱ ልጅ ቢኒያም በዚያ ጠብ ራሱን ተመትቶ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እስካሁን ዓይኑን አልገለጠም። ግዛቸው ታክሲ ተራው ላይ ቆሞ "ከእነሱ አንዱን እጄ ላይ ይጣልልኝ" ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ኅዳር ስድስት፣ የቁስቋም ዕለት፣ የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእነ ሄርሜላ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ማኅበርተኛው ቤቱን ሞላው። ካህኑ ጸልየው ዳቦ ቆረሱ፤ ጠላ ተቀዳ። ከዚያ እናቷ ሙሉእመቤት ዶሮ ወጡን ይዛ ገባች።

ሄርሜላ ያን ጊዜ ባነነች። ሰልዋ የክርስቲያን ዕርድ አትበላም።

ወጥ ቤት ልትልካት ተነሣች፤ ግን ዘገየች። የግዛቸው እናት፣ የቢኒያም አያት፣ እማማ የሺሀረግ የሰልዋን ክንድ ይዘው አጠገባቸው አስቀምጠዋታል። ግዛቸው ፊት ለፊታቸው ነው።

"ምነው እንዲህ ከሳሽ ሰርካለም? እዚያ አያበሏችሁም እንዴ?"

"ያበሉናል እማማ።"

"ፓስታ ነዋ!" አለ ግዛቸው። "ቢኒያም ፓስታ ገደለን ይል ነበር።"

"ይላል በል!" አሉት እናቱ። "ልጁ በሕይወት አለ።"

እማማ የሺሀረግ ከዶሮው ሥጋ ቦጨቅ አድርገው በእንጀራ ጠቀለሉና ወደ ሰልዋ አፍ አቀረቡ።

"እንኪ። ይቺን ስለ ቢኒያም ብለሽ።"

"ጠግቤያለሁ እማማ።"

"ምን በልተሽ? እጄን ልትመልሺው ነው?"

ሰው ሳቀ። የሄርሜላ አባት አቶ ይገዙ ከጥግ ሆነው "ተቀበያቸው ልጄ፣ የእሳቸው ጉርሻ አይመለስም" አሉ። ግዛቸው አልሳቀም። ነጠላዋን አየ፤ አፏን አየ።

"አገርሽ የት ነበር ያልሽን?" አለ።

ሰልዋ ሄርሜላን አየቻት። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ቀስ እያለ ሲከፈት ሄርሜላ አየች። በእሷ ውሸት የተነሣ ሰልዋ ልትውጠው ነው።

"አያጉርሷት!" ድምጿ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም። "ሰልዋ ነው ስሟ። ሙስሊም ናት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

ካህኑ ዋንጫቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ግዛቸው ተነሣ።

"ተቀመጥ" አሉት እናቱ። አልተቀመጠም። እሳቸውም ወደ እሱ አልዞሩም፤ ዓይናቸው ሰልዋ ላይ ነው። ጉርሻው እጃቸው ላይ እንዳለ ቅባቱ ወደ ክንዳቸው ይወርዳል።

"ልጄ ሲመታ የት ነበርሽ?"

"አልጋ ሥር። ከሄርሜላ ጋር። ጩኸቱን እንጂ ማን እንደመታው አላየንም።"

እማማ የሺሀረግ ጉርሻውን መሶቡ ላይ መለሱት። ወደ ሄርሜላ ዞሩ።

"በዚህ እጄ እያጎረስኩ ነው ያሳደግኩሽ። ገዳይ መሰልኩሽ?"

የግቢው በር ተወርውሮ ሲላተም ሁሉም ደነገጠ። ግዛቸው ወጥቷል። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ከደጅ ተሰማ፤ ብቻውን አልነበረም።

"ሄርሜላ! እንግዳሽን ይዘሽ ውጪ!"

አቶ ይገዙ ዱላቸውን አነሡ። "ተወው አባዬ፣ እኔን ነው የጠራው" አለችና ወጣች። ከግዛቸው ኋላ የቆሙት ጎረምሶች አብሮ አደጎቿ ናቸው። አንዳቸውም ሰላም አላሏትም።

"ማናት?" አለ ግዛቸው። ያውቃል፤ ከአፏ ሊሰማው ፈልጎ ነው።

"ሰልዋ ትባላለች። ጓደኛዬ ናት። መንገዱ እስኪከፈት እኛ ቤት ናት።"

ቀረባት። ትንፋሹ ፊቷን ነካው። አልሸሸችም። ከኋላዋ የከዘራ ድምፅ መጣ። እማማ የሺሀረግ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። እጃቸውን አልታጠቡም።

"እማዬ፣ ግቢ አንቺ" አላቸው።

"አንተ ግባ። ምግቡ ቀዘቀዘ።"

ግዛቸው የእናቱን እጅ ረዘም ላለ ጊዜ አየው። አልገባም፤ አልሄደምም። ከበሩ ማዶ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ጎረምሶቹም ዙሪያውን ቆሙ።

ሄርሜላ እማማ የሺሀረግን አስገብታ በሩን ዘጋች፤ መወርወሪያውን ሳበች። ቤት ስትገባ ሰልዋ ነጠላውን አውልቃ የራሷን ሂጃብ ታስር ነበር። መርፌ ቁልፉ አልያዝ ብሏታል።

"ደጅ ላይ ነው?" አለች።

"ደጅ ላይ ነው" አለች ሄርሜላ። መርፌ ቁልፉን ተቀብላ ሻጠችላትና አጠገቧ ተቀመጠች።