ተቆራርጦ የመጣው ፉጨት

አማቷ፣ የባሏ አባት፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ስለ ባቡር ማውራት ሆኗል። ያውም ስለ ማንኛውም ባቡር አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን ስለነዱት፣ በእንፋሎት ይሄድ ስለነበረው አሮጌ ባቡር ነው። ልጃቸው ወሬው ሲጀመር ጋዜጣ ያነሳል። ምራታቸው ግን ፋርማሲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስትሰማ ስለምትውል የሳቸው ጨዋታ ያሳርፋታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኒውስግሩፕ በሚባለው የኢንተርኔት መወያያ ላይ የባቡር ወዳጆች የሚጻጻፉበት ቡድን አገኘችላቸው። አንዲት ሴት «የአሮጌው ባቡር ድምፅ» የሚል ርዕስ ሰጥታ የሆነ ነገር ልካለች። ለአማቷ አሳየቻቸውና ሻይ ልታፈላ ወጣች። ስትመለስ ፕሪንተሩ ወረቀት በወረቀት ላይ ይተፋል፤ እሳቸው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በፊደልና በምልክት የታጨቀ ገጽ ያነባሉ።

«ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ጤናም የላት» አሉ። «ድምፅ ብላ የላከችው ኤም፣ ቅንፍ፣ ኮከብ፣ አሁንም ኤም ነው። ድመት ኪቦርዱ ላይ ተኝታበት ይሆናል።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አባባ፣ ይሄ ለማንበብ አይደለም። እዚህ የሚያልፈው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ፣ ድምፁን ወደ ፊደል ለውጠው፣ ቆራርጠው ይልኩታል። ማንበቢያው ፕሮግራም ደግሞ ገጣጥሞ ይፈታዋል።»

«ታዲያ ይፍታዋ።»

ክፍሎቹን በተራቸው መርጣ ፍታ ብላ አዘዘችው። ፕሮግራሙ አንዱ ክፍል እንደጎደለ ነገራት። ያለውን ያህል አስከፈተችው። ከድምፅ ማጉያው እንፋሎት ፉስ አለ፤ ከባድ ብረት እየተንቋቋ መንቀሳቀስ ጀመረ። አማቷ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው የሌለ የፉጨት ገመድ ጨበጡ። ሊጎትቱት ሲሉ ድምፁ ቀጥ አለ።

«ፉጨቱስ?»

«የጎደለው እሱ ነው መሰለኝ።»

ሽማግሌው ራት እንኳ በቅጡ አልበሉም። ምራታቸው ሴትዮዋን የጎደለውን ክፍል እንድትልክላቸው በጽሑፍ ለመነቻት። በማግስቱ ክፍሉ መጣ። እንደገና ሁሉንም መርጣ አስፈታችው። ፉጨቱ ረጅም ነበር፤ መጨረሻው ላይ እንደ ሳቅ ይቆራረጣል። ባሏም ጋዜጣውን ትቶ መጣ።

የአማቷ ፊት ተለዋወጠ። «ይሄማ ድብ ነው።»

«ድብ ደግሞ ማነው?» አለ ልጃቸው።

«አብሮኝ የሚነዳ፣ ድብ የምንለው ሰው ነበር። ገመዱን እንዲህ የሚያንቀጠቅጥ ከሱ ሌላ የለም። ፉጨትህ የታመመ በግ ይመስላል እያልኩ ስንት ጊዜ አናድጄዋለሁ።» ፉጨቱን ደግመው አስከፈቱና «ለካ ያምራል» አሉ።

ይህንኑ ለሴትዮዋ ጻፈችላት፤ የአማቷንም የሥራ ቤት ቅጽል ስም ጨመረችበት። መልሱ እስኪመጣ ሽማግሌው ከኮምፒውተሩ ፊት ንቅንቅ አላሉም።

«ድብ አባቴ ነው» ይላል መልሱ። «አጠገቤ ተቀምጧል። ያ ሰውዬ አሁንም ጥሬ ሽንኩርት እየበላ ሰው ያስመርራል ወይ ይላል።»

አማቷ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ጻፊለት ልጄ።»

«ምን ብዬ?»

«ፉጨትህ ያምራል ብለሽ...» አሉና ሐሳባቸውን ቀየሩ። «አይ፣ ተይው። እሱን ራሴ እነግረዋለሁ። ቤቱ የት እንደሆነ ብቻ ጠይቂልኝ።»

ባሏ የመኪናውን ቁልፍ መፈለግ ጀምሮ ነበር።