ጋቢ ጎማ ውስጥ ይገባል

«ከቤት ስትወጪ ትንሽ ካልበረደሽ፣ አብዝተሽ ለብሰሻል» ይለኝ ነበር ዓለምብርሃን። ስለ ብስክሌትና ስለ ብርድ ሲያወራ ሰባኪ ይወጣው ነበር። ዳገት ላይ ያልብሻል፤ ላቡ ቁልቁለት ላይ ይቀዘቅዝና ሳንባሽን ይይዝሻል። ስለዚህ ዳገት ላይ ዚፑን ክፈቺ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝጊ። ደረትሽ ላይ ጋዜጣ አድርጊ፤ ነፋስ ወረቀት አይበሳም። የሱሪሽን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተቺ። ጋቢማ ከናካቴው አይታሰብም፤ ጋቢ ጎማ ውስጥ ይገባል።

እኔ ምክር አልወድም። የእሱን ግን እከተል ነበር፣ ትክክል ስለነበረ።

ቡሬ ውስጥ በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት እንሠራ ነበር፤ በአንድ ግቢም ተከራይተን እንኖር ነበር። ብስክሌቱ የእሱ ነበር፤ ግን ለጠየቀው ሁሉ ያውስ ነበር። የማያውሰው ጃኬቱን ነበር። ከሰልባጅ ተራ የገዛው፣ ኮፍያ ያለው፣ ነፋስ የማያስገባ፣ ከሩቅ ዓይን የሚወጋ ቢጫ ጃኬት። በዘጠና አምስት ለኅዳር ሚካኤል የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹን አገሩ ይዞን ሄዶ ሳለ፣ እናቱ እማማ አቻምየለሽ በዚሁ ጃኬት ሲጣሉት ሰምቻለሁ።

«ይቺ ላስቲክ ምን ታሞቃለች? እኔ የፈተልኩልህ ጋቢ ሣጥን ውስጥ ብል ሊበላው ነው።»

«ጋቢ ጎማ ውስጥ ይገባል፣ እማዬ።»

«እንግዲያ በእግርህ ና! ይህን ደግሞ ለአጎትህ ልጅ ስጠው፤ ዓይኑን ጥሎበታል።»

«ቆዳዬን ጠይቂኝ፤ ይህን ለማንም አልሰጥም» አላት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

በዘጠና ስድስት ታኅሣሥ ላይ በብር ሸለቆ በኩል ወደ ቆላ ለሥራ ወረደ። ቆላ ጃኬት አያስፈልግም፤ በረንዳው ላይ ካለው ምስማር ሰቅሎት ሄደ። እዚያ ወባ ያዘው። ሲጠናበት ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት አስገቡት፤ አብሮት የነበረው ባልደረባችን አሸናፊ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ወደ አከራያችን ሱቅ ደውሎ ማረፉን ነገረን።

«አስከሬኑን ነገ ጠዋት በመኪና ወደ አገሩ ወደ ዝግባ ሚካኤል ይዘን እንሄዳለን፤ ረፋድ ላይ እንደርሳለን» አለኝ። «ከእኛ በፊት ሰው መድረስ አለበት። አገሩን የምታውቂ አንቺ ነሽ።»

«አንተ በመኪናው ቀድመህ ብትነግርስ?»

«ሬሳ ጭኖ መርዶ ይነገራል? ምን ነክቶሻል፣ ውዳሴ?»

ሥርዓቱ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ሰው ከሞተ ሞቷል፤ መናገር ነው። ግን የእማማ አቻምየለሽን ነገር አውቅ ነበር። ባላቸው የሞተ ጊዜ አንድ ቸኩሎ የመጣ መንገደኛ ብቻቸውን አግኝቶ ነገራቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወዳለው ገደል ሊወረወሩ ሲሮጡ አፋፉ ላይ ነው የያዟቸው። ዓለምብርሃን ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር፤ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ስለዚህ ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ የእናቱን ደጅ ሳይታወቅብኝ አልፌ ወንድማቸው መሪጌታ ገብረሰንበት ቤት እደርሳለሁ፤ መሪጌታ ዘመድ ጎረቤት ይሰበስባሉ፤ ከበው፣ ይዘው ይነግሯቸዋል። እኔ ለእናቱ አንዲት ቃል መናገር የለብኝም።

ሳይነጋ ተነሣሁ። ውጪው ውርጭ ነው። ሱሪ ለበስኩ፣ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ከተትኩ፣ ለእጄም ጓንት ስለሌለኝ ሌላ ካልሲ አጠለቅሁ። ጋዜጣ ደረቴ ላይ አድርጌ ሹራቤን ደረብኩ። አከራያችን እታለም ሸጋዬ ፋኖስ ይዛ መጣችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ጥቁር ሹራብ ለብሰሽ ነው እዚያ የምትሄጂ?»

«ሌላ የለኝም።»

«ነጠላ ደርቢበታ!»

ነጠላዬን አንገቴ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠምኩት። ጥለቱ ወፍራም ነው፤ ወደ ላይ ካዞሩት ጉሮሮን ያሞቃል።

«እግዚኦ! አዘቅዝቀሽ?» ብላ ጨርቁን ያዘችው። «ጥለቱን አንገቷ ላይ ያደረገች ሴት በማለዳ ስትመጣ ያየ ሁሉ፣ ማን ሞተ ብሎ ነው የሚጮኸው። አውርጂው!»

«ነጠላ አይደለም፣ ሻርፕ ነው በይው።»

«አንቺ በይያቸው! ቀልደኛ። ጋቢ ልስጥሽ?»

«ጎማ ውስጥ ይገባል» አልኩ።

እሷ ናት ጃኬቱን ከምስማሩ ያወረደችው። አቧራውን በእጇ መታ መታ አደረገችና ዘረጋችልኝ። «ይህ ጥቁሩን ይሸፍንልሻል። ቢጫ ለብሶ መርዶ የሚነግር የለም።»

ልክ ነበረች። ለበስኩት። በደንብ ያሞቃል።

እስከ ማንኩሳ ድረስ ከመኪና አቧራና ከአህያ ነጂዎች በቀር የሚያስቸግረኝ አልነበረም። ከዚያ ከዋናው መንገድ ወጥቼ የዳገቱን መንገድ ያዝኩ። ዚፑን ከፈትኩ። የምናገረውን በልቤ ስደጋግም ነበር፤ «መሪጌታ፣ ሰው ይጥሩ» ከማለት የተሻለ አላገኘሁም። የታጨደው ዳጉሳ ማሳ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ሸንተረሩ ጫፍ ስደርስ ጣቶቼ ፍሬን መጨበጥ አቃታቸው። ቁልቁለቱ ደግሞ ረጅም ነው። ብብቴ ውስጥ አድርጌ እስኪላወሱ ቆምኩ። በዚህ መካከል ፀሐይ ወጣች።

ከሸንተረሩ ላይ ሁሉም ይታያል። ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ መንገዱ ዳር፣ የእማማ አቻምየለሽ ቤት። ከዚያ ወዲያ የእንጨት ድልድይ ያለው ጅረት። ከጅረቱ ማዶ አጭር ዳገት፤ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ የመሪጌታ ቤትና የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች። በረቱ ገና አልተከፈተም። እደርሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ዚፑን እስከ አገጬ ዘጋሁ፣ ኮፍያውን ግንባሬ ድረስ ሳብኩ፣ ነጠላውን በአፍንጫዬ ላይ አሠርኩና ብስክሌቱን ለቀቅሁት።

የቁልቁለቱ ግማሽ ላይ ስደርስ በረቱ ተከፈተ። ላሞቹ ወጡ፤ ከኋላቸው እማማ አቻምየለሽ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ ላይ ተመለከቱ። ዱላቸውን ጣሉት።

ከዚያ እልልታው መጣ።

አንድ ጊዜ አይደለም፤ ደጋግመው፣ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው። «ዓለሜ! ዓለሜ መጣ! ኧረ ሰዎች፣ ልጄ መጣ!»

ያን ጊዜ ነው የለበስኩት የገባኝ። እታለም ሸጋዬና እኔ ከላዬ ላይ የሞት ምልክት የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ አንሥተናል፤ ቀሪውን አላየነውም።

ማቆም እችል ነበር። አቁሜ ኮፍያውን ባወርድ የሚሆነውን ግን አውቀዋለሁ። እኚያ ሴት ብቻቸውን ናቸው፤ ገደሉ ከጅረቱ ማዶ ነው። አንገቴን ደፍቼ ፔዳሉን ረገጥኩ።

ውሻቸው ሮጦ መጣና ጮኸብኝ፤ ሱሪዬን ሊነክስ ቃጣው።

«ዝም በል አንት ሞኝ! የቤትህን ልጅ አታውቅም?» አሉት።

በደጃቸው አለፍኩ። ክንዴን ሊይዙ ዘርግተው ጣታቸው ጃኬቱን ነካ አደረገው። ሽሽት መሆኑ አልታያቸውም።

«አንት እብድ! እናትህን ዘለህ ወዴት ነው?»

ከመንገዱ በላይ ካለው አውድማ ጎረቤታቸው እጅጉ መንሹን ተደግፎ ይስቃል። «ተዪው አቻምየለሽ! ወደ መሪጌታ ነው፤ ሽማግሌ ሊያስልክ! ልጅቷን አግኝቷል!»

«ያግኝ! ያግኝ! ብቻ ቆሞ ይሳመኝ!» አሉና ድንገት እልልታቸውን ቆረጡት። ዘወር ብዬ አየሁ። ወደ ቤት ገብተዋል። ከድልድዩ ላይ ሳለሁ ወጡ፤ ትከሻቸው ላይ ነጭ ነገር ነበር፤ መሮጥ ጀመሩ። በዚያ ዕድሜ እንዲያ ይሮጣሉ ብዬ አላሰብኩም።

ከጅረቱ በኋላ ያለው ዳገት በብስክሌት አይወጣም። ወርጄ ገፋሁ። ውስጤ ሁሉ በላብ ራሰ፤ ጋዜጣው ደረቴ ላይ ተለጠፈ። ዚፑን መክፈት ነበረብኝ። አልከፈትኩም፤ ከሥሩ ጥቁር ሹራብ አለ።

መሪጌታ ገብረሰንበት አጥራቸው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ዳዊት ይደግማሉ። የእኅታቸውን እልልታ ሰምተው ፈገግ ብለው ነበር የሚጠብቁኝ። ነጠላውን ከአፍንጫዬ አወረድኩ። ፊቴን አዩት። ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ፤ ጣታቸው ገጹ ላይ እንዳለ ቀረ።

«መሪጌታ፣ ሰው ይጥሩ» አልኩ በሹክሹክታ።

ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም። ብድግ አሉ፣ አፋቸው ተከፈተ፤ ግን ከኋላዬ ያለው ትንፋሽ ቀደመ።

«አመልህ!» አሉ እማማ አቻምየለሽ እያለከለኩ። «ላሳድድህ ነው? ያንተን ነገር አውቀዋለሁ፤ በርዶህ ነው አፍህ የተያዘ። እንካ! ዛሬስ ትለብሳታለህ፤ ጎማ ቢገባ ይግባ!»

ጋቢውን ከኋላዬ አለበሱኝ። ከሣጥን የወጣ፣ ያልታጠበ የአዲስ ጥጥ ሽታ ያለው ነው። ሁለቱን ጫፎች በቡጢያቸው ይዘው ከጀርባዬ አቀፉኝ። ደረቴ ላይ ጋዜጣው ተንኮሻኮሸ።

«ወረቀት ደግሞ ለበሰ! ኧረ ሥላሴ!» ብለው ሳቁ። አንዱን እጃቸውን ኮፍያው ውስጥ ሰደዱ፣ ራሴን ሊዳብሱ። ጣቶቻቸው ሹሩባዬን አገኙት።

እጃቸው ቆመ። አንዱን ጉንጉን ከሥሩ እስከ ጫፉ ድረስ ቀስ ብለው ዳሰሱት። ሳቁ አልቆ ነበር።

«ማን ነሽ?»

«ውዳሴ ነኝ፣ እማማ። አምና ለሚካኤል የመጣሁት።»

«ይህ የልጄ ነው።»

«አዎ።»

መሪጌታ «አቻምየለሽ፣ እኅቴ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አሉ። ድምፃቸው እንደ ሰው ድምፅ አልነበረም።

እማማ አቻምየለሽ አላዩአቸውም። ጃኬቱን ነው የሚያዩት። «ልጄ ይህን ለሰው አይሰጥም» አሉ። «በዚህ ውርጭ አውልቆ አይሰጥም። ቆዳዬን ጠይቂኝ ብሎኛል።»

መሪጌታ ዳዊቱን ዘጉ።

ከዚያ እማማ ሮጡ። አልጮኹም፤ ለዚህ ነው ጊዜ ያጣነው። በአጥሩ ጥግ ዞረው በቀጥታ ወደ አፋፉ፣ የጋቢውን አንድ ጫፍ በጭብጣቸው እንደያዙ። ጋቢው ከትከሻዬ ተገፈፈ። ብስክሌቱን ለቅቄ ዘለልኩ፤ እጄ ላይ ያለው ካልሲ አንሸራተተኝና ሳልይዛቸው ቀረሁ። ብስክሌቱ ግን ጎኔን መትቶ ሲወድቅ ተከትሏቸው ተጎተተ። የጋቢው ግርጌ ከኋላው ጎማ ገብቶ በሰንሰለቱ ተጠምጥሞ ነበር። እማማ አቻምየለሽ ጥቂት እርምጃ ብስክሌቱን ጎተቱት፤ ከዚያ ወጥረው ቆሙ፤ ጨርቁን መልቀቅ አላሰቡም። ደረስኩና በወገባቸው ይዤ አብሬያቸው ወደቅሁ። ያን ያህል ጉልበት ከአንዲት ቀጭን ሴት ይወጣል ብዬ አላምንም ነበር። መሪጌታ መጥተው እግራቸው ላይ ተኙበት።

እጅጉ መንሹን ጥሎ፣ ማጭድ ወገቡ ላይ እንደሻጠ ከአውድማው ደረሰ። ከኋላው ሴቶች መጡ። እልል ሊሉ የመጡ ናቸው፤ የመሪጌታን ፊት ሲያዩ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አራት ሆነው እማማ አቻምየለሽን ከእኔ ተቀበሉኝ። ተነሥቼ ጃኬቱን አወለቅሁ። የት እንደማደርገው ግን አላወቅሁም፤ በእጄ ያዝኩት። ላቤ ወዲያው ቀዘቀዘ።

እጅጉ ብስክሌቱ አጠገብ ተንበረከከ። ጋቢው በሰንሰለቱና በጥርሱ መካከል ተጠቅልሎ፣ ጥቁር ቅባት ጠጥቶ ነበር። ሌላው ጫፍ አሁንም በእማማ አቻምየለሽ ጭብጥ ውስጥ ነው። ጣታቸውን ሊፈታ የሞከረ አልቻለም። እጅጉ ማጭዱን ጨርቁ ላይ አሳረፈ።

«አትቁረጠው» አሉ እማማ አቻምየለሽ። ከሮጡ ወዲህ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። «የእሱ ነው።»

እጅጉ ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠና ፔዳሉን ወደ ኋላ፣ ቀስ እያለ፣ ያዞር ጀመር። ከማንኩሳ በኩል፣ ከሸንተረሩ ላይ፣ የመኪናው ድምፅ ሲሰማ የጋቢው ግማሽ እንኳ ገና አልወጣም ነበር።