አባ ሜትር መቆፈሪያ ሲመርጥ

አባ ሜትር የሚለውን ስም ያወጣለት ጎረቤቱ፣ ጡረተኛው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ ኖሮ፣ ሱቁን ለሌላ አስረክቦ፣ ከሚስቱ ጋር ገጠር ወዳለችው ቁራሽ መሬት ሲገባም ሜትሩ ከአንገቱ አልወረደም። በሩን ይለካል፣ የጎመን መደቡን ይለካል፤ ዶሮዎቹ ቆመው ቢጠብቁት እነሱንም ከመለካት አይመለስም ነበር። በመቀስ የተቆረጠ ጨርቅ መልሶ እንደማይገጥም ገና በልጅነቱ ስፌት ባስተማረው ጌታው ኩርኩም ተምሯልና፣ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ ሳይለካ መቀስ አያነሳም። ለኮት እሰየው ነው። ችግሩ፣ ኑሮውንም እንደ ኮት ያዘው።

እዚያ የገቡባት ቤት ሁሉ ነገር አላት፤ ውሃ ብቻ የላትም። ምንጩ ከመሬታቸው ራስጌ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው፤ ቤቱ ከታች። ከምንጩ እስከ ቤቱ ቦይ ተቆፍሮ ቱቦ ቢቀበርበት፣ ውሃው በራሱ ቁልቁል ወርዶ ወጥ ቤት ይገባል፤ ሞተር አይል፣ መብራት አይል። ይህን ሚስቱ ዕቃቸውን ሳይፈቱ ነው ያየችው።

«ቦይ ብቻ እኮ ነው፣» አለች።

«ቦይማ ምን ችግር አለው! አስቆፍርልሻለሁ፣» አለ አፉን ሞልቶ። ወዲያው ከተማ ወርዶ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ በጥቅሉ ገዝቶ መጣና አጥሩ ጥግ አስቀመጠው። እስከዚህ ድረስ ማንም አይወቅሰውም። ከዚያ ግን የመቆፈሪያው ምርጫ መጣ፤ ጣጣውም ከዚያ ጀመረ።

መጀመሪያ ሐሳቡ በእጅ ነበር። ሾፌሩ፣ «ሁለት ጎረምሳ እንቅጠርና በዶማና በድጅኖ እንወጣዋለን፤ ምን ታካብዳለህ?» አለው። አባ ሜትር ግን ዳገቱን ወጥቶ ቀጭን ብረት ይዞ መሬቱን እዚህም እዚያም ወጋ ወጋ አደረገ። መሃል ላይ ብረቱ ቋ አለ።

«ድንጋይ አለ፣» አለ ፊቱ ጠቁሮ። «ጀምረን መሃል ላይ ብንቀርስ? ግማሽ ቦይ ምን ይሠራል?»

እሺ፣ ማሽን ይሁን ተባለ። ማሽን ሲባል ደግሞ ጉዱ መች አለቀ! ከትራክተር ኋላ የሚገጠም መቆፈሪያ አየ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ትራክተሩ የት አለ? ከፊት የሚዝቅ ከኋላ የሚቆፍር ባለ ጎማ ሎደር አየ፤ ወደደው፤ ቤት መጥቶ የግቢውን በር ቢለካ አይገባም፤ በሩ ይስፋ ቢባል የድንጋይ ካቡ ሊፈርስ ነው። ትንሽዬ ባለ ሰንሰለት መቆፈሪያ፣ ኤክስካቫተር የሚሏትን አገኘ። እሷ ትገባለች፣ አፈር የምትዝቅበት ባልዲዋ ግን ሰፊ ነው። «ለዚህች ቀጭን ቱቦ ያን የሚያህል ቦይ? የአባትየውን ኮት ለልጁ ማልበስ ነው!» አለና ተዋት። ጠባብ ባልዲ ያላት ስትገኝ ክንዷ አጠረበት። ክንደ ረጅሟ ስትገኝ ደግሞ ክብደቷ እርጥብ መሬት ላይ ያሰምጣታል ብለው አስፈራሩት። በዚህ ላይ ኪራይ ይሻላል ወይስ ግዢ የሚለው መጣ። «ለአንዲት ቦይ ማን ይከራያል? ብንገዛት እኮ ኩሬም ትቆፍርልናለች፣ ለአጥሩ ምሰሶም ጉድጓድ ታወጣለች፤» እያለ ነገሩን ሲያሳድገው፣ ሚስትየው የጠየቀችው ቦይ ጭራሽ ተረሳ።

እስከዚያው ውሃውን የሚያመጣው ማነው? እሷ ናታ፣ ሌላ ማን አለ! አይዋሽበትም፣ ቤት በዋለ ቀን እሱም ይወጣል ይወርዳል። ግን መች ቤት ይውላል? ዛሬ አንዱ መሸጫ፣ ነገ ሌላው ጋራዥ፣ ከነገ ወዲያ ያገለገለ ማሽን አለኝ ያለ ገበሬ ጋ ነው። እሷ ባለ አንድ ጎማውን ጋሪ ባዶውን ዳገት ትገፋለች፤ ሁለት ጀሪካን ሞልታ ስትመለስ ደግሞ ጋሪው ቁልቁል እየጎተታት ተረከዟን መሬት ውስጥ እየተከለች ትወርዳለች። ለልብስ፣ ለሰሃን፣ ለዶሮዎቹ፣ ለእሱ እግር መታጠቢያ። ወጣት ቢያደርገው ጉልበቱን ያጠነክራል ይባል ይሆናል፤ እሷ ግን የልጅ ልጅ አይታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከየመሸጫው የሰበሰባቸውን የማሽን ብሮሸሮች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሲያነጻጽር፣ ጀሪካኑን ደጃፉ ላይ ጣል አድርጋ ፊቱ ቆመች።

«ስማ አንተ ሰውዬ፣ እኔ ማሽን ጠይቄህ አላውቅም። ውሃ ነው የጠየቅኩህ።»

«ታዲያ ውሃው በምን ይመጣል? ተሳስቼ ብመርጥስ?»

«ተሳሳት! አንዴ ተሳሳትና ልይህ!»

ነገሩ ከነከነው፤ ግን ከፋው እንጂ አልገባውም። በልቡ፣ ለእሷ ብዬ አይደል እንዴ የምለፋው ይል ነበር። ደግሞ እውነቱን ነው፣ ይወዳት ነበር። ለእሷ የሚሆነው ነገር እንከን እንዳይኖረው ነው ላይ ታች የሚለው። የሚያናድደውም ይሄው ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ተሳድበን በተገላገልን።

የማሽን ኤግዚቢሽን ከተማ ውስጥ ሲከፈት፣ ጠዋት ካፊያ እያካፋ ኮቱን ደርቦ ወጣ። አዳራሹ ብርሃን በብርሃን፣ ማሽኖቹ በቢጫ ቀለም ተወልውለው ተደርድረዋል። ሻጩ፣ «አባት፣ ይግቡና ይሞክሯት እንጂ፣» ብሎ አንዷ ላይ አስቀመጠው። ወንበሩ እሱን አስቦ የተሠራ ይመስል ልክክ አለለት። ዘንጉን ሲስብ ክንዷ ተነሳ፤ ሲገፋ ባልዲዋ ታጠፈ። ደስ አለው፣ እንደ ሕፃን ሳቀ። ስልኩ ጮኸ። ጥሪውን ዘጋው። ደግሞ ጮኸ። «ቆይ እደውላለሁ፣» አለ ለራሱ፣ ድምፁንም ዘጋና ዘንጉን ያዘ።

የደወለው ሾፌሩ ነበር። አባ ሜትር ጠግቦ ከወረደ በኋላ መልሶ ደወለለት።

«የት ነው ያለኸው? ሚስትህ ወድቃለች! ዳገቱ አንሸራትቷት፣ ጋሪውም በላይዋ ሄዶ፣ ዳሌዋን ነው የተሰበረችው። ጭቃ ውስጥ ተጋድማ ነው ያገኘኋት፤ ስንት ሰዓት እንደቆየች እንጃ። ሐኪም ቤት ነን።»

ሐኪም ቤቱ መተላለፊያ ላይ ልጁ አገኘችው። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «አባዬ፣ የት ነበርክ?» አለችው። ማሽን ላይ ተቀምጬ እየሳቅኩ ነበር ማለት አቃተው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ሚስቱ ቀዶ ሕክምናው አልቆላት ከተማ ልጃቸው ቤት ገባች። አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት በቀለለው። ሊጠይቃት ሲሄድ ክራንቿን ተደግፋ ማጠቢያው ጋ ቆማ ያገኛታል። ቧንቧውን ትከፍትና እጇን ከሥሩ ዘርግታ ዝም ብላ ውሃውን ታያለች።

«ተይ እንግዲህ፣ ቤትሽ ነይ፣» አላት አንድ ቀን፣ ሆዱ ባብቶ።

«ውሃ ወደሌለበት ቤት አልመለስም፣» አለች ውሃውን እያየች። «ለመቆጣት እንኳ አቅም የለኝም። ብቻ አልመለስም።»

ከዚያ ቤት ሲወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ። መሸጫ አልጠየቀም፣ ብሮሸር አልገለጠም። ማሽን የምታከራይ አንዲት ኦፕሬተር ነበረች፤ ራሷ አከራይ ራሷ ነጂ። ደወለላት።

«የትኛዋን ላምጣልዎት አባባ? ትንሿን ነው፣ መካከለኛዋን?»

«ያለሽን አምጪ ልጄ።»

አበቃ። ያን ሁሉ ጊዜ ያቃተው ምርጫ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። አይ ሰው!

ኦፕሬተሯ ጠዋት ትንሿን ማሽን በመኪና ጭና መጣች። በሩን በዓይኗ ገረፍ አድርጋ አይታ ማሽኗን አስገባች፤ ዳገቱን አንዴ በእግሯ ወጥታ ወረደችና ከላይ መቆፈር ጀመረች። አባ ሜትርና ሾፌሩ ዳር ቆመው ያያሉ። ባልዲዋ ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ቦዩም ትንሽ ሰፋ አለ፤ ታዲያ ምን ሆነ? ምንም አልሆነ። አባ ሜትር ግን የሚጠብቀው መሃሉን ነው። ያንን ድንጋይ። ማሽኗ ወደዚያ ስትቃረብ ትንፋሹን ዋጠ። እባክሽ ተቸገሪ እያለ ይለምን ነበር፤ እንዲህ ያለ ልመና ለምኖ አያውቅም። ድንጋዩ ማሽን ቢሰብር፣ ቀን ቢያስቆጥር፣ እሱም ትንሽ ልክ ነበረ ማለት ነው።

የባልዲው ጥርስ ቋ አለ። ኦፕሬተሯ ዘንጉን ትንሽ ሳብ አደረገች፤ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደ ድስት ክዳን ተነሳ። ዳር አስቀመጠችውና ሥራዋን ቀጠለች።

«ያ ነው?» አለ አባ ሜትር።

«ምኑ አባባ?»

«ድንጋዩ።»

«አዎ። ሌላ ነበር እንዴ?»

ምሳ ሳይደርስ ቦዩ ከምንጩ እስከ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ተዘርግቶ አለቀ። ሞተሩ ሲጠፋ ግቢው ጸጥ አለ። ሾፌሩ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ኮፍያውን አውልቆ ቦዩን አይቶ፣ «አለቀ እንዴ?» ብቻ አለ። «ለዚህ እኮ... እኔና አንተም በድጅኖ... ተወው ይቅር።»

አባ ሜትር የተቆለለው አፈር ላይ ቁጭ አለ። ደስ ይለኛል ብሎ ነበር፤ ደስታው ግን አልመጣም። ዓይኑ ላይ የመጣው የሚስቱ እግር ነው፣ ያ እያነከሰ የሚሄደው እግሯ። ትልቅ ሰውዬ ሰው ፊት ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

ኦፕሬተሯ ደንግጣ ወረደች። «አባባ፣ የተበላሸ ነገር አለ?»

«የለም ልጄ፣» አላት። «ምንም አልተበላሸም። እሱ ነው ያስለቀሰኝ።»

ቱቦው ተቀበረ፣ ቧንቧው ተገጠመ፣ ውሃው ወረደ። ለሚስቱ አስደወለላት። «መጀመሪያ በዓይኔ ልየው፣» ብላ ሻንጣዋን ልጇ መኪና ውስጥ አስጭና መጣች፤ ሻንጣው እንዲወርድ ግን አልፈቀደችም። እስክትደርስ ድረስ አባ ሜትር በር ላይ ቆሞ የሚላትን ሲያዘጋጅ ነበር። እውነቱን ሊነግራት ቆርጧል። ግማሽ ቀን ነው የፈጀው፣ ግማሽ ቀን ነው የነፈግኩሽ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ ይላታል። ከዚያ የፈለገችውን ታድርገው።

በክራንቹ ቀስ እያለች ወጥ ቤት ገባች። ሾፌሩም እንኳን መጣሽ ሊላት መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ቧንቧውን ከፈተችው። ውሃው መጀመሪያ ተንተፋተፈ፣ ከዚያ ወረደ። እጇን ከሥሩ አድርጋ ሳቀች፤ ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ሲያያት መጀመሪያው ነው። ዞር አለችና፣

«ብዙ ጊዜ ፈጀባችሁ?» አለችው።

ግማሽ ቀን የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ነበር። ክራንቿን አየ። ሳቋን አየ። ፈራ፤ በቃ፣ ፈራ።

«ከሳምንት በላይ፣» አለ። «ድንጋዩ... ድንጋዩ አስቸገረን።»

ሾፌሩ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ፣ «እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ፤ እኔ ልሂድ፣» ብሎ ወጣ፤ አባ ሜትርን አልተሰናበተውም።

እሷ ቧንቧውን ዘጋችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ከሳምንት በላይ? በማሽን?»

«በማሽን።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ እኮ እዚያ ተኝቼ ምን እያልኩ እንደነበር ታውቃለህ? ይሄ ሰውዬ ለግማሽ ቀን ሥራ ነው አካሌን ያሳጣኝ እያልኩ፣ ልቤ ጨርሶ ጠልቶህ ነበር። ለልጅህ ሳይቀር ነግሬያታለሁ። ለካ የፈራኸው እውነትህን ነው! ለካ እንዲህ ከባድ ኖሯል! አይ እኔ፣ በሰው ልፋት መፍረድ።» እጁን ሳበችና ለስላሳውን መዳፉን በመዳፏ አሻሸችው። «ይቅር በለኝ።»

አሁንም መናገር ይችል ነበር።

«አንቺ ልጅ!» ብላ ተጣራች ወደ ደጅ፤ «ሻንጣዬን አውርጂው!» ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ «ምነው ዝም አልከኝ? ተቀይመኸኛል እንዴ? ይቅር በለኝ አልኩህ እኮ፣» አለችው።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣» አላት።