የወይራው እንግዳ ፍሬ

የፍጥረትን ምሥጢር ሊመረምር የሚሻ ልበ ብሩህ አንባቢ፣ ዓይኑን ወደ ከዋክብትና ወደ አፍላጋት ከመስደዱ አስቀድሞ ከደጁ የቆመውን ዕፅ ቀና ብሎ ቢመለከት፣ የሚያስደንቅና የሚያመራምር ነገር አያጣም፤ ዳሩ ግን ሰው ምልክት ፈላጊ ነውና፣ አጥርቶ ከማየቱ በፊት መተርጎም ይቀናዋል።

ወይዘሮ ስኂን፣ በምግባር የተመሰገነች፣ በትዳር የከበረች፣ ነገር ግን ማሕፀኗ ያልተከፈተላት እመቤት፣ ሟች እኅቷ የተወችላትን ሕፃን ትርሲትን በሽማግሎች ፊት ማር የነካ ጣቷን አጥብታ የጡት ልጇ ልታደርጋት ቀጠሮ ይዛ ሳለች፣ ከግቢዋ የቆመው፣ ፍሬ ሰጥቶ የማያውቀው ወይራ በየቅጠሉ ቀያይ እንክብሎች አወጣ። «እሱ ከወለደ እኔስ!» ብላ በደስታ ቀጠሮውን አፈረሰች። አማቷ እማሆይ ወለተ ኪሮስም፣ «እሰይ ልጄ! የሌላ ቤት ልጅ የቤታችንን መልክ ታበላሻለች ብዬሽ አልነበረም?» አሉና፣ ሕፃኗን ወደ ቆላ፣ ወደ አባቷ ዘመዶች የምታደርስ በቅሎ አስፈለጉ።

በቅሎዋ እስክትገኝ ስኂን ከፍሬው ለበረከት ልትቀምስ አንዱን ቀጥፋ ብትሰነጥቀው፣ ከውስጡ ነጭ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል። እውነቱን ለመናገር አለቀሰች፤ ትል የወለደ ዛፍ ለጎረቤት እንኳ አይወራም። ሆኖም እንባዋ ሳይደርቅ የማወቅ ጉጉት አሸነፋትና፣ ቅጠሉን ብትገለብጠው ከጀርባው ጠጉራምና ቀንዳም የሆነ ሌላ እባጭ አገኘች። ከሁለቱም ዓይነት ያልተሰነጠቀ ቀጥፋ በሁለት ብርሌ ከታ አፋቸውን በሻሽ አሰረች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከቀዩ ትንኝ መሳይ ዝንብ፣ ከጠጉራሙ ጥቁር ደቃቅ ተርብ ወጣ። አንድ ዛፍ፣ አንድ ቅጠል፣ አንድ ወዝ ሆኖ ሳለ፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ እንደ አመሉ ከዛፉ ሥጋ ልዩ ቤት ተሠርቶለት ነበር! ቀኑን ሙሉ ከወይራው ሥር ተቀምጣ ስትገረም ዋለች።

በማግሥቱ በቅሎዋ ተጭና ስትቀርብ ስኂን ሕፃኗን አቅፋ፣ «እማሆይ፣ የእባጩን መልክ ያመጣው እንግዳው ትል ነው፤ ሥጋውን የሰጠው ግን ዛፉ ነው፤ ደግሞም ወይራነቱን አልተወም» አለች።

«ዛፉስ ምን ተጠቀመ?»

«እሱን አልደረስኩበትም። መርምሬ እነግርዎታለሁ። አሁን ግን ማር ያምጡልኝ።»

እማሆይ የወይራውን ቅጠል ገልብጠው አዩና ማሩን በገዛ እጃቸው አመጡ፤ ትርሲትም የስኂንን ጣት ጨብጣ ጠባች። ከአብራኩ ያልወጣውን በገዛ ሥጋው ያሳደገ፣ እርሱ መካን ተብሎ አይጠራም።